በቦሌ ጣሪያ ላይ የተተከሉ ድንኳኖች

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን።

የቢሮው ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፤ ታኮ ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ እጇ ላይ የሁለተኛው ድንኳን የተሰበረ ዘንግ አለ። «እርስዎ» ስንላት «ምነው፣ አረጀሁ እንዴ?» እያለች ስለምትቆጣ አንቺ ነበር የምንላት። መንገድ መሪያችን ጋሼ፤ በሩ አጠገብ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ሹፌራችን፤ የሐይቅ ልጅ፣ ወሎዬ፣ ቤቱ ላምበረት፤ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ምግብ አብሳያችን፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን እንዳያቃጥል የምንሰጋለት። አምስተኛው እኔ፤ ወረቀቱን የያዝኩት።

ስማቸውን አልጽፍም። ካነበቡት ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሕንጻው ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነበር። ነበር የምለው ፈርሶ አይደለም። ፊቱ መስታወት ለብሷል፤ ጣሪያው ላይ ምግብ ቤት ተከፍቷል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ ዐየሁት፤ የእኛ ባልዲዎች በነበሩበት ጠርዝ ላይ ትልልቅ ጃንጥላዎች ተዘርግተው ነበር። መግባት እችል ነበር። አልገባሁም።

ጊዜው ከኮሮና በፊት ነው፤ የሰሜን መንገድ ክፍት በነበረበት ጊዜ። ቢሮአችን በመጨረሻው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ነበረች። ሥራችን በእግራቸው ሄደው ድንኳን ውስጥ ማደር የሚፈልጉ እንግዶችን ወደ ተራራ መውሰድ ነው። በቅሎ እንከራያለን፣ ምግብ አብሳይና መንገድ መሪ እንመድባለን። ለፈለገ ደግሞ በመኪና የሚታዩ ቦታዎችን እንጨምራለን።

ቢሮው አንድ ልማድ ነበረው፤ ደረቅ ጉዞ እንለው ነበር። ከመነሳታችን በፊት ድንኳኖቹን በሙሉ ጣሪያው ላይ እንተክላለን። ኮንክሪት ካስማ ስለማይቀበል ገመዱን በድንጋይ በተሞሉ የቀለም ባልዲዎች እናስረዋለን። ዚፕ ይሞከራል፣ ምድጃ ይለኮሳል። ከዚያ እያንዳንዳችን በየተራ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጠዋት እስከ መጨረሻው ማታ ምን እንደምንሠራ ጉዞ ላይ እንዳለን አድርገን እናወራለን። የአንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር ከተጋጨ እዚያው ይታረማል። ልማዱን ያመጡት ጋሼ ናቸው። አንድ ጊዜ ዝናብ ውስጥ የማደሪያው ቦታ ሲደርሱ የድንኳኑ ዘንጎች ቢሮ መቅረታቸውን ዐይተው፣ ከዚያ ወዲህ አፍ ሳይጓዝ እግር አይነሳም ብለው ወሰኑ።

የዚያ ጊዜዋ እንግዳ ከብዙ ዓመት በፊት ከጋሼ ጋር በመንዝ ጓሳ አፋፍ ላይ የሄደች የውጭ አገር መምህርት ነበረች። አሁን ልጇን ይዛ ልትመጣ ነው። የጻፈችው አጭር ነበር። ያ ሰውዬ አሁንም አለ ወይ? ልጄ ከእሱ ኋላ እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ይህን ለጋሼ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በማግስቱ አሮጌ ቦት ጫማቸውን ሊስትሮ ዘንድ ወስደው አዲስ ሶል አስለጥፈው መጡ፤ ቢሮ ለገባ ሁሉ እግራቸውን እያነሱ ሶሉን ያሳዩ ነበር። የሕንጻው ዘበኛ ሳይቀር ጓሳ እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር።

ጉልበታቸው ግን አልነበረም።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከደረጃው ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ በእግር ነው የምንወጣው። ጋሼ በየፎቁ መታጠፊያ ላይ ቆም ብለው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። «እሺ… እሺ… እደውልልሃለሁ» ይላሉ። እኛ ቀድመናቸው እንወጣለን። አንድ ቀን ወረቀት ረስቼ ስመለስ በሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኘኋቸው። በግራ እጃቸው ብረቱን ይዘው፣ በቀኙ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው «እሺ… እሺ» ይላሉ። ስልኩን ጠዋት ለቻርጅ ሰጥተውኝ ባትሪው ከነአካቴው አልነሳ ብሎኝ ነበር። አልፌያቸው ወረድኩ።

የእኔ ሥራ መስመሩን ማውጣት ነው። ከአሥረኛ ክፍል አልዘለልኩም። ኦሎምፒያ አንድ ኮፒ ቤት ስሠራ ሰው ለኮፒ የሚያመጣውን ካርታ አንድ ቅጂ ጨምሬ እያስቀረሁ፣ ከፍታን የሚያሳዩትን መስመሮች በራሴ ማንበብ ለመድኩ። እትዬ ያገኘችኝ እዚያ ነው፤ አንድ ካርታ ገልብጬ እንዳወጣሁላት ስትነግረኝ፣ የገለበጠው አሳታሚው መሆኑን አሳየኋት። በስልክ ላይ ከሰማይ በተነሣው ምስል የጓሳን እያንዳንዱን መታጠፊያ ዐውቅ ነበር። ሣሩን ግን ነክቼው አላውቅም። ከከተማ ውጭ ያደርኩት ናዝሬት ብቻ ነበር፤ እሱም ለሠርግ።

ስለዚህ ጋሼን ይዞ የሚሄድ መስመር ለማውጣት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን በአፋፉ ላይ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ጉልበታቸው እንዲያርፍ በመኪና ጉብኝት። እንደገና አንድ ቀን እግር፤ እንደገና መኪና። ከመጀመሪያው የእግር ቀን በኋላ የጣርማበርን ዋሻ አስገባሁ። ከሁለተኛው በኋላ የመንዝ ሴቶች ሱፍ ፈትለው ባና የሚሸጡበትን ገበያ። ለመጨረሻው ጠፍቶኝ ሹፌሩን ጠየቅኩት። ለምን እንደምጠይቀው ነገርኩት።

«ሐይቅ ውሰዳቸው» አለኝ። «መኪናው ውኃው ድረስ ይገባል። ወላሂ አንዲት ዳገት የላትም። ቁጭ ነው። ሽማግሌ እዚያ ሲቀመጥ ወጣት ይሆናል።»

ስለ ሐይቅ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ያገኘሁት አብዛኛው ስለ ገዳሙ ነበር። «የገዳሙ ጉብኝት፣ ግማሽ ቀን» ብዬ ጻፍኩ።

ለእትዬ ስነግራት ወረቀቱን ዐይታ፣ ቀጥሎ እኔን ዐየችኝ።

«እንግዶቹ ይህን ሁሉ ጉብኝት ጠይቀዋል?»

«አልጠየቁም።»

«ጋሼ ከነቁብህ እኔ የለሁበትም» አለች። ከዚያ ተመልሳ፣ «ዋሻው ጋ ስትደርሱ ግን ወንበር ይውጣላቸው። ድንጋይ ላይ እንዳይቀመጡ» አለች።

እንዲህ አድርገን ነው ጣሪያው ላይ የወጣነው። ነፋስ ነበር። አንደኛው ድንኳን ብርቱካናማ ነው፤ ሁለተኛው ዘንጉ ስለተሰበረ በአንድ በኩል ተኝቷል። አውሮፕላን ለማረፍ ሲመጣ ከራሳችን በላይ ስለሚያልፍ ወሬያችን በየጊዜው ይቋረጥ ነበር።

ሹፌሩ ጀመረ። «ሱብሒ ሰግጄ፣ ዘይትና ውኃ ዐይቼ፣ ላምበረት መናኸሪያ ጋ እቆማለሁ። እናንተ ትዘገያላችሁ።»

«እንዘገያለን የሚል ወረቀቱ ላይ የለም» አልኩ።

«ወረቀቱ ላይ የለም፤ አንተን ግን ዐውቅሃለሁ። ካስማ ስትቆጥር ትዘገያለህ።»

ቀጥሎ ምግብ አብሳዩ። «መጀመሪያው ማታ ሾርባ። ሁለተኛው ማታ ከአገሬው በግ ገዝቼ…»

«ማን ያርደዋል?» አለ ሹፌሩ።

«እኛ ነና። ለአንተ የራስህ ዶሮ አለ፤ ራስህ ታርዳለህ፤ ድስትህም ለብቻው። ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።»

«ባለፈው ቀይ ክር ባለበት ውስጥ ካልሲህን ነበር የዘፈዘፍከው!»

«ንጹሕ ካልሲ ነበር።»

«ንጹሕ ከሆነ ለምን ትዘፈዝፈዋለህ?»

ጋሼ ሳቁ። እትዬ «ቀጥሉ፣ መሽቶብናል» አለች፤ አልመሸም ነበር። ከዚያ እኔ መስመሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ስጨርስ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማና ሹፌሩ አንድ የድንኳን ምንጣፍ አንሥቶ ወደ ጣሪያው ጥግ ሄደ። ልማዳችን ስለሆነ ሁላችንም ድምፃችንን ቀነስን። በዚያ ጸጥታ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መለሱልኝ።

ሹፌሩ ሰግዶ ሲመለስ የጋሼ ተራ ሆነ።

ባልዲው ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መጀመሪያው ቀን» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ጉሙ ሳይነሳ እንነሳለን። ሣሩ እስከ ጉልበት ይመጣል፤ ጤዛው ሱሪ ያረጥባል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፀሐይ ሳይመታቸው ከገደሉ አይወጡም፤ እንጠብቃቸዋለን። ረጃጅሞቹን የጅባራ ተክሎች አልፈን ነፋሱ ከቆላ በኩል ሲመጣ ይሞቃል፤ እዚያ ጋ ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል፤ አታውልቁ እላለሁ፤ አይሰሙኝም…»

እንዲህ እያሉ ቀኑን ሙሉ ሄዱት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ከላይ በምስል ያየሁትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ቦሌ ጣሪያ ላይ ቆሜ።

«ሁለተኛ ቀን» አሉ። «መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ዋሻው ጋ እወርዳለሁ። ተመልሼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ።» ዓይናቸውን ገለጡ። ሦስተኛውን ቀን ሄዱ። «አራተኛ ቀን፣ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ገበያ ነው። መጨረሻ ላይ ሐይቅ እንደርሳለን። እሷና ልጇ፣ ወደ ገዳሙ…»

ቆሙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የወንድ ገዳም እኮ ነው። ሴት አይገባበትም። ማንን ልታስጎበኝ ነው?»

አውሮፕላን መጣ። ድምፁ እስኪያልፍ ማንም መናገር አይችልም ነበር፤ እኔ ባያልፍ ደስ ባለኝ። ሲያልፍ ቀድሞ የተናገረው ሹፌሩ ነው።

«እኔ ዓሣ ይበላሉ ብዬ ነው እንጂ ገዳም መቼ አልኩ! ዳገት የሌለበት ነው ያልከኝ፤ ዳገት የሌለበት ነገርኩህ!»

እትዬ የተሰበረውን ዘንግ ዐየችው። ምግብ አብሳዩ ምድጃውን አጠፋ።

«ዳገት የሌለበት» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። ወደ እኔ ዞሩ። «ደረጃውን ስወጣ አንተ ታየኝ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ተነሡ። ወደ በሩ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ወደ ብርቱካናማው ድንኳን ሄደው፣ ጎንበስ ብለው ገቡና ዚፑን ዘጉት። ከውጭ ጥላቸው ይታያል፤ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አራታችን እዚያው ቆመን ቀረን። ሄደን እንዳናናግራቸው በሩ ዝግ ነው፤ እንዳንተዋቸው የተዘጋው ጨርቅ ነው፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። ጉዞው ቀርቷል ብዬ አሰብኩ። ሴትየዋ «ያ ሰውዬ አለ ወይ» ስትለን ምን ብዬ እንደምጽፍላት አሰብኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ይህ ዚፕ ከውስጥ አንድ መዳፍ ያህል አይዘጋም። ጻፈው።»

ጻፍኩት።

«አፋፉን የሚመራው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተን ነው፣ ባለ ወረቀቱን።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ድንኳን ውስጥ አድሬ አላውቅም።»

«አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት፣ የጓሳው ጠባቂ፣ የአገሩ ልጅ ነው፤ መንገዱን እሱ ያውቃል። አንተ እንግዶቹን ነው የምትይዘው። እኔ ጠዋት እስከ አፋፉ እሸኛችኋለሁ፤ ማታ መንገዱ ላይ እቀበላችኋለሁ። መኪናው ለእኔ ከሆነ እንግዲህ እኔ እሄድበታለሁ። እግር ግን አይቆራረጥም። የእግሩን ቀን ሁሉ አንድ ላይ አድርገው፤ ጉብኝቱን ወደ መጨረሻ። ተራራ እየገቡ እየወጡ አይሄዱበትም።»

«እሺ።»

«ለእሷ የምነግራት ደግሞ እኔ ነኝ። ማንም አይጽፍላትም።»

ዚፑ ተከፈተ። «ና ግባ» አሉኝ። «ጋደም በልና መሬቱን ልመደው።»

«ጋሼ፣ ኮንክሪት ነው» አለ ምግብ አብሳዩ።

«ይህን ከለመደ ሌላው ፍራሽ ነው።»

ከዚያ ትልቁን ቦርሳ አሸክመው በድንኳኖቹ ዙሪያ አስኬዱኝ። ሹፌሩንና ምግብ አብሳዩን ከኋላዬ አሰለፏቸው፤ እንዲያወሩም አዘዟቸው። ሕጉ አንድ ነበር። ከኋላ ያለው ሰው ማውራት ካቃተው ፈጥነሃል። «ቀስ» ይሉኛል። «ገና ነው። ቀስ።» ሹፌሩ ስለ ሐይቅ ዓሣ ያወራል፤ ምግብ አብሳዩ ስለ ካልሲው ይከራከራል፤ እኔ የሁለቱን ትንፋሽ እያዳመጥኩ በቦሌ ጣሪያ ላይ እዞራለሁ። ከታች የመንገዱ መብራቶች እስኪበሩ ዞርን። በሕይወቴ ሰው ከኋላዬ ሲከተለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ጉዞው ብዙ አልጽፍም። ላምበረት ዘግይተን ደረስን፤ ካስማ ስቆጥር ነው። ጓሳ አፋፉ ላይ፣ በመጀመሪያው ጠዋት፣ ጋሼ እንግዳችንን ወደ ጎን ወስደው ነገሯት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። እሷ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ መኪናው ውስጥ አስገባችው፤ ምርኩዟን ለልጇ ሰጠቻት። ልጅቷ የጠበቀችው ይመስል ተቀበለቻት። ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት፤ ከእንግዶቹ ሆቴል ስንወጣ እሷም ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ብረቱን ይዛ ነበር የወረደችው። ዐይቼው ነበር፤ ግን ልቤ የነበረው ከጋሼ እግር ላይ ነው።

ስለዚህ አፋፉን የሄድነው እኔ፣ ልጅቷና ስካውቱ ነን። ጋሼና እናቷ በመኪና በሌላ መንገድ ዞረው መጡ። ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናዋ ከታች እንደ ክብሪት ሳጥን ታየች፤ አጠገቧ ሁለት ታጣፊ ወንበሮች። አንደኛው ሰው ተነሥቶ ባርኔጣውን አነሣ። እስክንወርድ ድረስ አላወረደውም። ስንደርስ ጋሼ እኔን አልጠየቁኝም። ልጅቷን ነው የጠየቋት።

«ከኋላው ስትሄጂ ማውራት ችለሻል?»

«እሱ ነው ያላወራው» አለች።

ሐይቅ ላይ ጋሼ ወደ ገዳሙ መግባት ይችሉ ነበር። «እሷን በር ላይ አቁሜ?» ብለው ቀሩ። ዓሣ በላን።

አሁን ቢሮው የለም፤ በኮሮና ጊዜ እትዬ ቁልፉን መለሰች። ጋሼ አያት ሰፈር፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ ደረጃ የለም። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለዚያ ጉዞ የሚያወሩት ጣሪያው ላይ ያደረግነውን ብቻ ነው። ስለ መኪናው ከጠየቅኳቸው «አየሩ ጥሩ ነበር» ይላሉ።

እኔ የጻፍኩት እኔ ከቆምኩበት የታየውን ነው፤ የጎደለው እናንተ ዘንድ አለ። እትዬ፣ ሁለተኛው ድንኳን አረንጓዴ ነበር ወይስ ሰማያዊ? እርግጠኛ ስላልሆንኩ ቀለሙን ዘልዬዋለሁ። ምግብ አብሳዩ፣ የጋሼን ቡና በምትቀዳበት በዚያችው ቆርቆሮ ኩባያ ነበር ለሴትየዋም የምትሰጣት ይባላል፤ እውነት ነው? አንተ ደግሞ፣ የሐይቁ ልጅ፣ እነዚያን ቀናት ሁሉ መሪውን ይዘህ ከፊታቸው ተቀምጠሃል። ከኋላ ሁለቱ ምን ያወሩ ነበር? ባርኔጣቸውን ከማንሣታቸው በፊት፣ እኛ ገና ከላይ ሳለን፣ ጋሼ ስንሄድ ዐይተው አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ልጅቷ በሩቅ ማሳያ መነጽሯ ዐይታለች። ምን አሉ? እኔ ሩቅ ነበርኩ። አንተ አጠገባቸው ነበርክ።